ዘንድሮ ከመቆፈራችን በፊት የአምናውን እርከን ቁጠሩልን

ይድረስ ለወረዳ ግብርና ጽህፈት ቤት ኃላፊዎች፣ በተለይ ደግሞ ለተፈጥሮ ሀብት ቡድን መሪዎችና ባለሙያዎች

እንደምን ሰነበታችሁ። የወረዳዬን ስም አልጠራም። ከጠራሁ አንድ ባለሙያ ተጠርቶ ይገመገምና ነገሩ እዛው ላይ ያልቃል፣ ካልጠራሁ ግን ብዙዎቻችሁ ስታነቡት "ይሄ ሰውዬ የኛን ነው እንዴ የሚያወራው" ማለታችሁ አይቀርም፣ እሱ ይሻለኛል። እኔ በየዓመቱ ጥር ሲመጣ ዶማና አካፋ ይዞ ተራራ ከሚወጣው ህዝብ አንዱ ነኝ፣ ኮሌጅም ገብቼ ስለዚሁ ስለ አፈርና ውሃ ጥበቃ ትንሽ ተምሬ ተመልሻለሁ፣ ስለዚህ የምጽፈው ከሁለቱም ወገን ሆኜ ነው፣ ባብዛኛው ግን ከቆፋሪው ወገን።

የምለምናችሁ ነገር አንድ ነው፣ ቀድሜ ልናገረውና ልረፍ። የዘንድሮውን የተፋሰስ ልማት ዕቅድ ስታወጡ ስንት ኪሎ ሜትር አዲስ እርከን እንደምንሰራ ከመጻፋችሁ በፊት አምናና ካቻምና ከሰራነው ውስጥ ክረምቱን አልፎ የቆመው ስንት እንደሆነ ወርዳችሁ ቁጠሩልን፣ ሪፖርቱ ላይም እሱ ቁጥር ይግባ። ሌላው የምጽፈው ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

አሁን ያለውን አሰራር ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከላይ ኮታ ይወርዳል፣ ወረዳው ለቀበሌ ያከፋፍላል፣ ቀበሌው ለልማት ቡድን፣ ልማት ቡድኑ ለአንድ ለአምስት፣ ጥር ላይ የማስጀመሪያ ፕሮግራም ይደረጋል ባነር ይሰቀላል፣ እንግዶች መጥተው አንድ ሁለቴ ዶማ ይመታሉ ፎቶ ይነሳሉ ማታውኑ ፌስቡክ ላይ ይለቀቃል። ዘመቻው ሲዘጋ ይሄን ያህል ሺህ ሄክታር ተሸፈነ፣ ይሄን ያህል ህዝብ ተሳተፈ፣ ጉልበቱ በገንዘብ ሲተመን ይሄን ያህል ሚሊዮን ብር ይባላል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ይመጣል። ከዛ ወዲያ ግን የሚቆጥር ሰው የለም፣ ጎርፍ የወሰደውን እርከን የሚሞላበት ቅጽ የለማ! በሚቀጥለው ጥር እዛው ተራራ ላይ እንደገና እንወጣለን። አንድ ዓመት ጭራሽ ኮታው አልሞላ ሲል ካቻምና የተካበውን ድንጋይ አፍርሰን ትንሽ ዝቅ ብለን አዲስ እርከን ብለን ካብነው፣ ሁለቱም ዓመት ሪፖርት ተደርጓል። ያንኑ ድንጋይ ሁለቴ ቆጠርነው ማለት ነው፣ የሸንተረሩ አፈር ግን አንዴም አልዳነም።

ቁጥሩን ራሳችሁ መፈተሽ ትችላላችሁ እኮ፣ ካልኩሌተር እንኳን አይፈልግም። በስራ ኖርሙ፣ ማለትም ለስራው በተቀመጠው የጉልበት መለኪያ፣ አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን (አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚሰራው አንድ የሰው ቀን ይባላል) ይፈጃል፣ የድንጋይ ከሆነ 250። እንግዲህ አንድ ቀበሌ 1000 ሰው ለ30 ቀን አወጣ እንበል፣ 30 ሺህ የሰው ቀን ሆነ፣ ሁሉም ሰው በየቀኑ ቢመጣና ሙሉ ቀን ቢሰራ 200 ኪሎ ሜትር የአፈር ወይም 120 ኪሎ ሜትር የድንጋይ እርከን ይወጣዋል። እኛ ደግሞ ጠዋት ወጥተን እኩለ ቀን ሳይሞላ ነው የምንመለሰው፣ የታመመ አለ፣ ለቅሶ የሄደ አለ፣ ስም አስጠርቶ ቁጥቋጦ ስር የሚተኛም አለ። የቀበሌያችሁ ሪፖርት ከዚህ ስሌት በላይ ከሄደ ወይ እርከኑ እርከን አይደለም ወይ ቁጥሩ ቁጥር አይደለም። ይሄን የምለው ባለሙያውን ዋሽቷል ብዬ ለማስጠየቅ አይደለም፣ ኮታው ሲወርድ ማንም ሰው ይሄን ማካፈል እንዳልሰራ ስለሚያሳይ ነው።

"ታዲያ ተውት ነው የምትለን" እንዳትሉኝ። እርከን እንደሚሰራ፣ ማለቴ በትክክል ከተሰራ እንደሚጠቅም፣ የተለካ ነገር ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ወሎ ማይባር፣ ሰሜን ሸዋ አንዲት ጢድ፣ ጎጃም አንጀኒ፣ ወላይታ ጉኑኖ፣ ሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ ኢሉባቦር ዲዚ እየተባለ ጣቢያ ተከፍቶ ዝናቡም ጎርፉም አፈሩም ለዓመታት ተለክቷል። ከዛ ስራ የወጣው የታወቀው ግምት በደጋው ከሚታረስ መሬት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር በየዓመቱ ይታጠባል የሚል ነው። በውፍረት ሲታሰብ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ለዓይን ምንም አይደለም፣ በ25 ዓመት ግን አስር ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ማረሻ የሚፈነቅለው አፈር ማለት ነው። አባቶቻችን "መሬቱ አረጀ" የሚሉት ይሄን ነው፣ መሬቱ ግን አላረጀም፣ ሄዷል።

ትግራይ ደጉዓ ተምቤን ደግሞ ተመራማሪዎች ገበሬው ማሳ ላይ ወርደው ሲለኩ የድንጋይ እርከን የሚታጠበውን አፈር በአማካይ በ68 በመቶ ቀንሶት አገኙት። እዚህ ጋ ግን ሰው የማይጠቅሰው ነገር አለ፣ ያው ጥናት አዲስ እርከን አፈሩን በደንብ እንደሚይዝና ከጀርባው ያለው ጉድጓድ በደለል ሲሞላ ግን ጉልበቱ እንደሚያልቅ፣ ስለዚህ በየጊዜው መጠገንና ከፍ እያደረጉ መካብ እንደሚያስፈልግ ነው የሚናገረው። ማለትም እርከን ሲሞላ ስራውን ሰራ ማለት ነው፣ አፈሩን ያዘልን፣ አሁን ደግሞ አንድ ረድፍ ድንጋይ ጨምሩልኝ እያለ ነው። እኛ ግን ለአንድ ረድፍ ድንጋይ ኮታ የለንም። "ጥገና" የሚል አምድ በሪፖርቱ ላይ ቢኖርም ባዶ ነው ወይ ለወጉ ትንሽ ቁጥር ይጻፍበታል፣ ምክንያቱም ለዞን ጥገና ብሎ ማቅረብ እንደ ስንፍና ነው የሚታየው፣ አዲስ ሄክታር ነው የሚያስመሰግነው።

ኮንሶን እዩ። የኮንሶ እርከን ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ያን ሁሉ ዘመን የቆመው መጀመሪያ የሰሩት ሰዎች ልዩ ስለነበሩ ብቻ አይመስለኝም፣ የፈረሰውን የሚክብ ትውልድ ስለተከታተለ ነው። አሁን በኛ ሪፖርት ቢሆን ኮንሶ በየዓመቱ "አዲስ የተሰራ 0" ብሎ ሞልቶ ግምገማ ላይ ቀይ ይወጣበት ነበር።

ወደ ቴክኒኩ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ግምገማ ላይ ሁሌም የሚወራው ስለ ህዝቡ "የግንዛቤ እጥረት" ነው፣ እኔ ደግሞ ግንዛቤው የጎደለው ሌላ ቦታ ይመስለኛል።

አንደኛ ነገር እርከን ከመሰራቱ በፊት ውሃው የት ይሂድ የሚለው መመለስ አለበት። ከላይ ከተራራው የሚመጣውን ጎርፍ የሚቀለብስ ቦይ፣ ከዛ ውሃውን ወደ ወንዝ የሚያወርድ መፋሰሻ፣ መፋሰሻው ደግሞ ሳር በቅሎበት ስር ሰዶ እንዲቆይ ቢያንስ አንድ ክረምት ቀደም ብሎ መዘጋጀት አለበት፣ ይሄን ራሳችሁ ያስተማራችሁን ነው፣ በ1997 የወጣው የማህበረሰብ አቀፍ ተፋሰስ ልማት መመሪያም ስራው ከላይ ጀምሮ ወደ ታች እንዲወርድ ነው የሚለው። በተግባር ግን መጀመሪያ የሚሰራው ለመንገድ የሚቀርበው፣ ለእንግዳ የሚታየው ሸንተረር ነው፣ ከሱ በላይ ያለው ገደል የሚደርስበት የለም። መቀልበሻም መፋሰሻም በሄክታር ስለማይቆጠር ለነገ ይባላል። ሐምሌ ላይ የተራራው ውሃ በሙሉ መጥቶ የመጀመሪያውን እርከን ሲሰብር የተሰበረው ውሃ ሁለተኛውን ሲሰብር፣ ታች ሲደርስ እርከን ባይሰራ ኖሮ ከሚመጣው የባሰ ሆኖ የሰው ማሳ መሃል ለመሃል ቦረቦር ይከፍታል። እርከን ያልተሰራለት ማሳ ቢያንስ ውሃውን በትኖ ነው የሚያወርደው።

ሁለተኛ፣ የዝናብ አጠሩ አካባቢ አሰራር ዝናብ የሚበዛበት ላይ አይገለበጥም። በደረቁ አካባቢ እርከኑ ውሃ ልክ ሆኖ ነው የሚሰራው፣ ውሃው እዛው ቆሞ እንዲሰርግ። ዝናብ በሚበዛበት፣ በተለይ ዋልካ አፈር ላይ፣ ይሄን ካደረጋችሁ ሰብሉ ውሃ ተኝቶበት ቢጫ ሆኖ ይቀራል፣ ከዛ ገበሬው ሌሊት ወጥቶ እርከኑን ይበሳል፣ እናንተ ደግሞ "አፍራሽ" ትሉታላችሁ። እንደዛ ባለ ቦታ እርከኑ ወደ አንድ ጎን በጣም በትንሹ፣ በመቶ ሜትር ከአንድ ሜትር ባልበለጠ፣ አዘንብሎ ትርፉን ውሃ ወደ መፋሰሻ ማውጣት አለበት። አንጀኒ የዓመቱ ዝናብ ከ1600 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፣ እዛ በ1978 ዓ.ም. የተሰራው ፋንያ ጁ፣ አፈሩ ወደ ላይ የሚጣልበት ዓይነት እርከን ማለት ነው፣ እንዲህ አዘንብሎ የተሰራ ነው፣ ከዓመታት በኋላ መሬቱ ደረጃ በደረጃ እየተደለደለ ጠረጴዛ ወደ መምሰል ሄዷል። ልዩነቱ የላይን ሌቭል ጉዳይ ነው፣ ሁለት እንጨት አንድ ገመድና አንዲት ትንሽ የውሃ ልክ። ግን ያቺን ገመድ ይዞ በትዕግስት የሚቀይስ ሰው ለአንድ ቀበሌ አንድ ወይ ሁለት ነው፣ ህዝቡ ደግሞ በአንድ ጠዋት ሺህ ሆኖ ይወጣል፣ ቅየሳው ሳይደርስ ሲቀር "ዝም ብላችሁ በአይን ገምቱ" ይባላል። በአይን የተገመተ እርከን አንድ ቦታ ዝቅ ይላል፣ ክረምት ላይ ውሃው ያቺን ቦታ ፈልጎ ነው የሚያገኛት። ቅየሳው ህዝቡ ከመውጣቱ በፊት በታህሳስ ቢያልቅ ምን ይላችኋል? ቀያሾች ከየመንደሩ ሰልጥነው አበል ቢከፈላቸው ለማስጀመሪያው ፕሮግራም ከሚወጣው የሚበልጥ አይመስለኝም።

ሶስተኛው ስለ ቦረቦር ነው። ባህር ዳር አጠገብ ደብረ መዊ የተካሄዱ ጥናቶች በዝናባማው ደጋ ብዙው ደለል የሚመጣው ሸለቆው ግርጌ ካለው ውሃ ከጠገበ መሬት ላይ ከሚከፈት ቦረቦር እንደሆነ አሳይተዋል። እኛ ግን ዓመት ሙሉ ጉልበታችንን ሸንተረሩ ላይ ጨርሰን ቦረቦሩን "ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) ሲመጣ" ብለን እንተወዋለን። ገና ጉልበት ሳያወጣ በጭራሮና በድንጋይ ክትር የሚገታ ቦረቦር ሶስት ክረምት ከታለፈ ድልድይ ይዞ ይሄዳል፣ ከዛ በኋላማ የወረዳ ብቻ ሳይሆን የክልል ስራ ነው የሚሆነው።

አሁን ደግሞ ከገበሬው ኪስ አንጻር ልናገር። ተዳፋቱ 15 በመቶ የሆነ ማሳ ላይ እርከኖቹ በከፍታ አንድ ሜትር ተኩል እየተራራቁ ቢሰሩ በአግድም በየአስር ሜትሩ አንድ እርከን ይመጣል። ቦዩና ካቡ አንድ ላይ አንድ ወይ አንድ ሜትር ተኩል ይይዛል። እንግዲህ ከአስር ሜትሩ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሜትር እርሻ ሄደ ማለት ነው፣ ሩብ ሄክታር ላለው ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ምርቱ የሚጨምረው ደግሞ ዛሬ ሳይሆን ከዓመታት በኋላ ነው፣ ማዞሪያም ይጠበዋል በሬዎቹ ይቸገራሉ፣ የድንጋይ እርከን ከሆነ አይጥም ይገባበታል። ገበሬው ይሄን ሁሉ በጭንቅላቱ አስልቶ ነው ዝም የሚላችሁ፣ ስላልገባው አይደለም። መልሱ እኮ ቀላል ነበር፣ እርከኑ ራሱ ምርት ይስጥ። ደሾ ሳር፣ ዝሆኔ ሳር፣ ቬቲቨር፣ ትሪ ሉሰርን፣ አካባቢው የሚስማማው ከሆነ ጌሾ። በጥር ተቆፍሮ በሰኔ ሳር ያልተተከለበት የአፈር እርከን ራቁቱን ነው ክረምት የሚገባው። ሳሩ ስሩን ሲሰድ አፈሩን ይይዛል፣ ላዩ ለላም ይታጨዳል፣ ያኔ ባለማሳው እርከኑን ሊበሳ የመጣውን በዱላ ነው የሚያባርረው። ግን ችግኝ ጣቢያው የሳር ግንጣይ በበቂ አያዘጋጅም፣ የሚያዘጋጀው ለአረንጓዴ አሻራ የሚቆጠር የዛፍ ችግኝ ነው። (በሚሊዮን የሚቆጠር ችግኝ በአንድ ጀምበር ስለመትከል ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፣ እሱም ያው ነው፣ የጸደቀውን ቁጠሩ።)

ልቅ ግጦሽ። እዚህ ላይ እኛም ንጹህ አይደለንም፣ ሰብል ከተነሳ በኋላ ከብት በየማሳው ይለቀቃል፣ ከብት ደግሞ እርከን አያውቅም፣ ረግጦት ይወጣል ረግጦት ይወርዳል፣ የተተከለውንም ሳር ከነስሩ ይነቅለዋል። ጥር ላይ የሰራነውን ሚያዝያ ላይ ራሳችን በከብቶቻችን እናፈርሰዋለን። ግን "ልቅ ግጦሽ ቆሟል" ብሎ በስብሰባ ማስጨብጨብ መፍትሄ አይሆንም፣ ከብቱ ምን ይብላ? ተከልሎ ያገገመው ተራራ ላይ ያለውን ሳር ማን ያጭዳል፣ በምን ድርሻ፣ መቼ፣ መሬት የሌላቸው ወጣቶችስ ንብ ያንቡበታል ወይ፣ ይሄ በመተዳደሪያ ደንብ ተጽፎ የመንደሩ ሰው ተስማምቶበት ሽማግሌዎች ሲያስከብሩት ነው የሚሰራው። ምስራቅ ትግራይ አብርሃ ወአጽብሃ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማትን፣ የተባበሩት መንግስታት የልማት ፕሮግራም ለማህበረሰቦች የሚሰጠውን፣ ያገኘው እንዲህ ባለ ስራ ነው፣ ተራራውን ከልለው፣ እርከኑንና ውሃ ማቆሪያውን ሰርተው፣ ከብቱን ገታ አድርገው፣ የጉድጓድ ውሃቸው ቀርቦላቸው መስኖ ገብተዋል። እዛም ህዝቡ በነጻ ጉልበቱ ነው የሰራው፣ ግን ምን እንደሚያገኝበት ያውቅ ነበር። እኛ ጋ ከለላው የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም፣ ጥበቃ ይቀጠራል ደመወዙ ይቋረጣል፣ በነጋታው በግ ይገባል።

ይሄ "የማን ነው" የሚለው ጥያቄ ትንሽ አይደለም፣ ታሪካችን ውስጥ አለ። ከ1966ቱ ረሃብ በኋላ በምግብ ለስራ እህል እየተሰፈረ፣ በደርግ ጊዜ በገበሬ ማህበር እየታዘዘ፣ ለቁጥር የሚታክት እርከን ተሰርቶ ነበር። 1983 ላይ መንግስት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ያን እርከን ያፈረሰውና የተከለለውን ደን የቆረጠው ራሱ የሰራው ህዝብ ነው። እንዲህ ስል ጥፋቱን ላወድስ አይደለም፣ ተራራው የመንግስት ነው ብሎ ስለሚያስብ ነው፣ መንግስት ሲሄድ የመንግስትን ነገር ወሰደ። ከ2003 ወዲህ ያለው ዘመቻ ከዚህ ተምሯል ተብሎ ነበር፣ "በህዝብ ተሳትፎ" የሚለው ቃል የገባውም ለዛ ነው። ታዲያ ተሳትፎ ከሆነ ቀሪ ለሆነ ሰው ቅጣት መጣል፣ ማዳበሪያ ሲከፋፈል "መጀመሪያ ዘመቻ የወጣህበትን አሳይ" ማለት ምንድነው? እኔ ባለሁበት ይሄ ተደርጓል፣ የእናንተ ጋ አይደረግም ከሆነ እሰየው።

የጊዜውም ነገር እንደዛው። በልግ አብቃይ በሆነው ደጋ፣ ሰሜን ወሎና ሰሜን ሸዋ ላይ እንዳለው ማለት ነው፣ ጥርና የካቲት የእርሻና የዘር ወቅት ነው፣ እዛ ያለውን ገበሬ በዛ ወር ተራራ ውጣ ማለት ቡቃያውን ተወው ማለት ነው። ዘመቻው በመላ ሀገሪቱ በአንድ ወር እንዲጀመር የሚያስገድድ ነገር ያለ አይመስለኝም ከቴሌቪዥን ዜናው በስተቀር። በበዓል ቀን አፈር አይቆፈርም የሚል ሰውንም ስራ ጠል አታድርጉት፣ ካሌንደሩን ይዛችሁ ከሱ ጋር ቁጭ ብትሉ የሚሰራባቸውን ቀናት ራሱ ይመርጥላችኋል።

ሌላም የሚያናድደኝ አለ። በ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ላይ ባለይዞታው መሬቱን የመንከባከብ ግዴታ ተጥሎበት፣ ጉዳት ካደረሰ የመጠቀም መብቱን ሊያጣ እንደሚችል ተጽፎ ነበር፣ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬትም ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል። ጥሩ፣ እኔ እስማማለሁ። ግን በዘመቻ ተሳስቶ የተቀየሰ እርከን ሰብሮ የአንዲት መበለት ማሳ ላይ ቦረቦር ሲከፍት ማነው የሚጠየቀው? ተጠያቂ ባይገኝ እንኳን መጥቶ "ይቅርታ እማማ፣ ዘንድሮ መጀመሪያ የምንደፍነው የእርሶን ነው" የሚል አንድ ሰው ቢኖር ምን አለበት?

ስለ ልማት ጣቢያ ሰራተኞቹ ሳልናገር ካለፍኩ ግፍ ይሆንብኛል። ተቆጡብኝ ካላችሁ ተቆጡ፣ እነዚህን ልጆች እየገደላችኋቸው ነው። ለአንድ ቀበሌ ሶስት ናቸው ይባላል፣ አንዱ ሰብል አንዱ እንስሳት አንዱ ተፈጥሮ ሀብት፣ ዞር ብላችሁ ስታዩ ግን የተፈጥሮ ሀብቱ ልጅ ማዳበሪያ ሲያድል፣ የብድር ዝርዝር ሲይዝ፣ መዋጮ ሲያሰባስብ፣ ስብሰባ ሲጠራ ነው የሚውለው። ኮታውን ካላሟላ ይገመገማል፣ አፈሩን ቢያድን ግን ማንም አያይለትም። አንድ ጎበዝ ልጅ ነበረን፣ ገመዱን ይዞ እንደ ልብስ ሰፊ እየለካ የሚቀይስ፣ በሰራበት ሸንተረር ላይ ያለው እርከን እስካሁን አለ፣ ግን በኪሎ ሜትር ሁሌም ዝቅተኛ ስለነበር ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛወረ፣ የተተካው ፈጣን ነው። የፈጣኑ እርከን ግን የመጀመሪያውን ነሐሴ እንኳን አላለፈም። የቆመውን ቁጠሩ የምላችሁ ለዚህም ነው፣ የቆመው ቢቆጠር ኖሮ ያ ልጅ ዛሬ የወረዳው ተሸላሚ ነበር።

እንግዲህ ምን እንድታደርጉ ነው የምፈልገው፣ እንዲህ ነው። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያቆም፣ ሳሩ ሳይደርቅና ከብት ሳይለቀቅ፣ ከየመንደሩ ሁለት ሶስት ሰው፣ ቢቻል ሴቶችም ያሉበት፣ ከባለሙያው ጋር ሆኖ በየንዑስ ተፋሰሱ ይዙር። በስልክ ጂፒኤስ ሊያያዝ ይችላል፣ ካልሆነም በደብተር ይበቃል። ሙሉ ለሙሉ የቆመ፣ የተሰበረ፣ በደለል የሞላ፣ ሳር ያለበት፣ የሌለበት፣ አምስት አምድ ነው። ዘንድሮ የምንሰራው ከዚህ ይነሳ፣ የዘመቻው የመጀመሪያ ሳምንታት ሙሉ በሙሉ ለጥገናና ለመፋሰሻ ይሁኑ፣ ጉልበት ከተረፈ አዲስ ሸንተረር እንገባለን፣ ካልተረፈም አንገባም። ለዞን የምትልኩት ቁጥር ሊያንስ ይችላል፣ በጣምም ሊያንስ ይችላል። የዞኑ ሰው "ወረዳችሁ ለምን ወረደ" ሲላችሁ ከላይ የጻፍኩትን የ150 ሂሳብ አሳዩትና ሌሎቹ ወረዳዎች እንዴት እንደደረሱበት እሱ ያስረዳችሁ።

ዝርዝሩን ደግሞ ፋይል ውስጥ አትክተቱት፣ በአማርኛም ይሁን በአካባቢው ቋንቋ በትልቅ ወረቀት ተጽፎ ቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የቱ ጎጥ ስንት እንደሰራና ስንት እንደቆመለት ሰው ሲያይ የሚፈጠረውን ፉክክር እናንተም በስብሰባ አታመጡትም። የኛ ጎጥ ከታች በኩል እንደሚሆን እገምታለሁ፣ ይሁን፣ እናየዋለን።

ዕቅዱ ለዞን የሚሄድበት ጊዜ እየደረሰ ስለሆነ መልሳችሁን በቀጣዩ የቀበሌ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ብትነግሩን ደስ ይለናል፣ ሊሆን አይችልም ከሆነም ለምን እንደማይሆን ንገሩን። ዶማችን ያው የተለመደው ቦታ ነው ያለው።

አክባሪያችሁ፣ ከቆፋሪዎቹ አንዱ